ኬሞቴራፒ ከቀዶ ጥገና በፊት፦ በጡት ዕጢ ውስጥ ስላሉ ተከላካይ ሕዋሳት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በእህቴ የናሙና ውጤት ላይ «በዕጢው ውስጥ ሊምፎሳይት 40 በመቶ» ተብሎ ተጽፏል። ካንሰሩ ወደ ንፍፊቶቿ ተዛምቶ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፤ ሊምፎሳይት ነጭ የደም ሕዋስ፣ ማለትም የሰውነት ተከላካይ ነው፤ ቁጥሩም ስለ ንፍፊት የሚናገረው ነገር የለም። በመርፌ የተወሰደው ናሙና በስሱ ተቆርጦ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ሲነከር፣ ሊምፎሳይቶቹ በካንሰር ሕዋሳቱ መካከል ባለው ደጋፊ ህብረ ሕዋስ ላይ እንደ ተበተነ ጥቁር ጤፍ ይታያሉ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) ከዚህ ህብረ ሕዋስ ስፋት ምን ያህሉን እንደሸፈኑ በዓይኑ ይገምታል። ግምት በመሆኑ አንዱ ባለሙያ 35፣ ሌላው 45 ቢል አይግረምዎ።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ከፍ ካለ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚሰጣት ኬሞ ይሠራላታል ማለት ነው?

መልስ፦ ዕድሉ ይሰፋል እንጂ ዋስትና አይሆንም፤ የዕጢው ዓይነት ካልታወቀ ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በጀርመን ይህን ሕክምና የወሰዱ የ3,771 ታካሚዎችን መረጃ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ትሪፕል ኔጌቲቭ በሚባለው (የሆርሞን ተቀባይም ሆነ የዕጢን ዕድገት የሚያፋጥነው ኸር-2 የተባለ ፕሮቲን በብዛት በማይገኝበት) ዓይነት፣ ሊምፎሳይታቸው 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከነበረው ታካሚዎች መካከል ግማሾቹ በቀዶ ጥገናው ጊዜ በጡታቸውም በንፍፊታቸውም የቀረ ካንሰር አልተገኘባቸውም፤ ከ10 በመቶ ባልበለጠባቸው ዘንድም ይኸው ውጤት በ31 በመቶዎቹ ታይቷል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ያለባት ሴት ተስፋ የምትቆርጥበት ምክንያት የለም። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ሌላው ግኝት ነው፦ ሆርሞን ተቀባይ ባላቸው (ማለትም ሆርሞን ዕድገታቸውን በሚያበረታታው) እና ኸር-2 በሌላቸው ዕጢዎች፣ ሊምፎሳይት የበዛባቸው ለኬሞው የተሻለ ምላሽ ቢሰጡም የመኖር ዕድሜያቸው ግን አጥሮ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ ኬሞው ራሱ ተከላካይ ሕዋሳትን ይገድል የለም ወይ?

መልስ፦ በደም ውስጥ ያሉትን ለጊዜው ይቀንሳል፤ በዚያ ወቅት ትኩሳት ከመጣባት ሳታድር ሆስፒታል መሄድ አለባት። ይሁን እንጂ እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ መድኃኒቶች የሚገድሏቸው የካንሰር ሕዋሳት ሲሞቱ ተከላካዮችን የሚቀሰቅስ ምልክት ስለሚያወጡ፣ በዕጢው ዙሪያ ያሉት ሊምፎሳይቶች በሥራው ይታገዛሉ።

ጥያቄ፦ በማርና በጥቁር አዝሙድ ቁጥሩን ማሳደግ ይቻላል?

መልስ፦ ለዚህ ማስረጃ የለም። የምትወስደው ባህላዊ መድኃኒት ካለ ለሐኪሟ ትንገር።

ጥያቄ፦ ፔምብሮሊዙማብ የሚሰጠው ሊምፎሳይት ለበዛባቸው ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይህ መድኃኒት ካንሰሩ በተከላካይ ሕዋሳት ላይ የሚያሳርፈውን ልጓም የሚፈታ ሲሆን፣ በአሜሪካ በ2021 ከኬሞ ጋር እንዲሰጥ የተፈቀደው ከፍተኛ ስጋት ላለበት፣ ገና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ላልተሠራጨ ትሪፕል ኔጌቲቭ ካንሰር ነው፤ የሊምፎሳይት መጠን መመዘኛ አልተደረገም።