«ሰውነት የለህም» ለተባላችሁ ታዳጊ ተጫዋቾች

በቅርቡ አንድ የ15 ዓመት ታዳጊ «ትንፋሽ አለኝ፤ አሰልጣኙ ግን ሰውነት የለህም ብሎ ቀነሰኝ፤ ሰውነት እንዲያወጣልኝ ምን ዓይነት ዱቄት ልውሰድ?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ ዱቄቱ የምለው የለኝም፤ ሽሮና ምስሩን ንቃችሁ በቆርቆሮ የታሸገውን ማመናችሁ ግን ይገርመኛል። ጥያቄው ያስታወሰኝ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ የምልመላ ቀን ነው።

ከ15 ዓመት በታች ቡድን ሲቋቋም ቁመትና ክብደት የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደግፈው ሲቆሙ፣ ከሁሉም አጭር የነበረው ልጅ ተረከዙን በስውር ያነሳ ነበርና ትከሻውን ይዤ ዝቅ አደረግሁት። ቀጥሎ በ20 ሜትር ርቀት በተተከሉ ኮኖች መካከል ድምፅ እየተከተሉ የሚመላለሱበት ሩጫ ተጀመረ። ፈተናው በሰዓት በ8.5 ኪሎ ሜትር ተጀምሮ በየደቂቃው 0.5 የሚጨምር በመሆኑ፣ ረጃጅሞቹ አንድ በአንድ እያለከለኩ ዳር ሲቀመጡ ያ ልጅ ከመጨረሻዎቹ ጋር ቀረ። ስም ዝርዝሩ ሲነበብ ግን አልተጠራም፤ መራጮቹ የተመለከቱት እኔ የሞላሁትን የቁመት ዓምድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ኳስ እንደተወ ሰማሁ።

ወንዶች በፍጥነት የሚረዝሙት በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ቢሆንም፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚደርስበት፣ እኩዮች በአካል ብስለት በዓመታት ሊለያዩ ይችላሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ሩጫ የሚገመተው ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ለክብደት ተካፍሎ ስለሚገለጽ ቀላሉ ልጅ ጥሩ ቁጥር ሊያስመዘግብ ይችላል፤ በትከሻ ግፊያና በአየር ኳስ ግን ለጊዜው ይበለጣል። ስለዚህ የዚያን ቀን መራጮች ጨርሶ ተሳስተዋል ለማለት ይከብደኛል፤ የፈለጉት በዚያው ዓመት የሚያሸንፍ ቡድን ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬም ሜትር ከኪሴ አይጠፋም። በየሦስት ወሩ ተለኩ፤ ማታ ቁመት በጥቂቱ ስለሚቀንስ ሁልጊዜ ጠዋት ይሁን። የሩጫ ውጤታችሁን ከራሳችሁ የቀድሞ ውጤት ጋር እንጂ ከሌላ ከተማ ልጅ ጋር አታወዳድሩ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የሚሮጥና 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በድሬዳዋ ሙቀት የሚሮጥ እኩል አይፈተኑም። ቁመታችሁ በድንገት ሲጨምር ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው አጥንት ቢያማችሁ፣ ከቡድን እቀነሳለሁ ብላችሁ ሳትደብቁ ለአሰልጣኛችሁ ተናገሩ፤ ዝላዩና ፈጣን ሩጫው እስኪሻላችሁ ሊቀነስላችሁ ይገባል።