የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ 14ኛ ወጥቶ አሠልጣኙ ለምን ተደሰተ?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ አሜሪካ ኮሌጅ ገብቶ 5 ሺህ ሜትር ይሮጣል። ሚያዝያ ላይ በአንድ ውድድር 14ኛ ወጣ። እኛ ቅር ብሎን ሳለ እሱ አሠልጣኙ በጣም እንደተደሰተለት ነገረን። ነገሩ እንዴት ነው? ውጤቱንስ በምን እንከታተል?

መልስ፦ አሠልጣኙ ልክ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች የመም ውድድር እስከ ግንቦት መጀመሪያ ድረስ የሚፈለገው ሰዓት ነው። በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር) ከፍተኛ እርከን፣ በዲቪዚዮን አንድ፣ ሯጮች በዓመቱ ባስመዘገቡት ምርጥ ሰዓት ይደረደሩና በየርቀቱ ከምሥራቅ 48፣ ከምዕራብ 48 ለግንቦት መጨረሻው ማጣሪያ ይመረጣሉ። አንዱ ቀረሁ ካለ ቀጣዩ ይተካል፤ ስለዚህ 50ኛ ላይ ያለ ልጅም ተስፋ አይቁረጥ።

አሠልጣኞች ለዚህ ሲሉ ቡድኑን ይከፍሉታል፤ የረጅም ርቀቶቹን አሯሯጭ ወዳለበት የምሽት ውድድር፣ የአጭር ርቀቶቹን ሙቀት ወዳለበት ይልካሉ። 5 ሺህ ሜትር በአንድ ምሽት በብዙ ምድብ ሊሮጥ ይችላል፤ ፈጣኖቹ በአንድ ምድብ ይመደባሉ። የውጤት ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም በሰዓት ተቀላቅለው ይወጣሉ። «14፣ 13:52.30፣ ምድብ 2» የሚል መስመር ቢያዩ፣ ያ ልጅ ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ምድቡን፣ ቀጥሎ ከቀድሞ ምርጥ ሰዓቱ ምን ያህል እንዳሻሻለ ይዩ።

ከግንቦት አጋማሽ ወዲህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በኮንፈረንስ (ኮሌጁ አባል የሆነበት የኮሌጆች ስብስብ) ሻምፒዮና ለቡድናቸው ነጥብ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 8ኛ የወጡት ናቸው፤ 10፣ 8፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 እና 1። እዚያ 14ኛ ዜሮ ነው። ከምሥራቁም ከምዕራቡም ማጣሪያ በየርቀቱ 12 ብቻ ወደ አገር አቀፉ ፍጻሜ ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ ዝግ ያለ ሩጫና አስቀያሚ ሰዓት ቢያዩ አይደንግጡ፤ የመጨረሻውን ዙር የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። ከስም አጠገብ ትልቁ «ኪው» (Q) በደረጃ፣ ትንሹ «ኪው» (q) በሰዓት ማለፍን ያመለክታል።

ለመከታተል የኮሌጁን የስፖርት ገጽና ቲኤፍአርአርኤስ (TFRRS) የተባለውን የኢንተርኔት የውጤት ማኅደር ይጠቀሙ። የእኛ ልጆች ስም እዚያ ብዙ ያሳስታል። ዝርዝሩ የሚደረደረው በአባት ስም ነው፤ የስሙ አጻጻፍም አንድ ፊደል ቢለወጥ ፍለጋው ባዶ ይመልሳል። ስለዚህ ኮሌጁን ፈልገው የቡድኑን ዝርዝር ይክፈቱና ከዚያ ልጁን ያግኙት። በአሜሪካ ክረምት (ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት) የሚካሄደውን የቤት ውስጥ ውድድር ውጤት ሲያዩም ሁለት የተለያየ ሰዓት ቢያገኙ ስሕተት አይደለም፤ መታጠፊያው ባላዘነበለ ጠፍጣፋ መም ወይም በከፍታ ቦታ የተሮጠ ሰዓት ለደረጃ ሰንጠረዡ ተስተካክሎ ይጻፋል። የሮጠው ሰዓት በውድድሩ ወረቀት ላይ ያለው ነው።

በቀጥታ የሚወጣው ውጤት የመጨረሻ አይደለም። ይግባኝ ተብሎ አንዱ ቢሰረዝ ሌላው ከፍ ይላል፤ ለቤተሰብ ደውለው ከማብሰርዎ በፊት ጥቂት ይጠብቁ። የፍጻሜው ውድድር ብዙ ጊዜ በሚካሄድበት በኦሪጎኗ ዩጂን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ውጤት ላይ በልጄ ስም አጠገብ የኮሌጁ ስም ቀርቶ «አንአታችድ» ተጽፏል። ከቡድኑ ተባረረች ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ያለ ቡድን፣ በግል ተሰልፋለች ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው አሠልጣኙ «ሬድሸርት» ሲያደርጋት ነው፤ ከቡድኑ ጋር ትለማመዳለች፣ ነጥብ አታስገኝም፣ ከተፈቀደላት የውድድር ዘመን ግን አይቀነስባትም። አንድ ጊዜ የቡድኑን ማሊያ ለብሳ ከተወዳደረች ግን ያ ዘመን ተቆጠረ። አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥና የውጭ ውድድር ለየብቻ ስለሚታዩ በመከር በአገር አቋራጭ ያልታየች ልጅ በክረምቱ የቤት ውስጥ ውድድር ለኮሌጁ ልትሮጥ ትችላለች። አሠልጣኟን የትኛውን ወቅት እንዳስቀረላት በግልጽ እንድትጠይቀው ይንገሯት።