ማስታወቂያ መለጠፍም ሥራ ነው ወይ ላልሽኝ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ዲፓርትመንት ጂኤ፣ ማለትም ጀማሪ ረዳት መምህር፣ ሆና ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። «ጋሼ፣ የዲፓርትመንቱን የዜናና የሴሚናር ጉዳይ እኔ ላይ ጣሉት። ማስታወቂያ መጻፍ፣ አዳራሽ ማስያዝ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ቻናሉ ላይ መለጠፍ። እኔ ሪሰርች ልሠራ እንጂ ማስታወቂያ ልለጥፍ አልተቀጠርኩም። ሰው ሳላስቀይም እንዴት ላምልጥ?» ትላለች።

«አምልጪ ልጄ» ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ ሲከለክለኝ አደረ። እኔም በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። የዛሬውን የምጽፈው ለእሷ ብቻ ስላልሆነ ሌሎቻችሁም አንብቡት።

ዘመኑ የደርግ ማብቂያ አካባቢ ነው። ሴሚናራችን ሐሙስ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ማስታወቂያውን በታይፕራይተር እየመታሁ፣ በካርቦን አራት ቅጂ እያወጣሁ፣ አንዱን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ አንዱን ካፌው ጋ፣ ሁለቱን እኛ ሕንፃ ውስጥ እለጥፍ ነበር። ፒን ስለማይገኝ የድሮውን ማስታወቂያ ፒን ነቅዬ ለአዲሱ እጠቀምበታለሁ። ለሻይ ሰዓት የሚሆን ቆሎ ደግሞ በር ላይ ከምትቀመጠው ሴትዮ እገዛለሁ። የቆሎዋን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በሄርባርየማችን፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና በሚቀመጥበት ክፍላችን፣ አንድ ቴክኒሺያን ነበሩ። ልጆቻቸው ስላሉ ስማቸውን አልጽፍም። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። በቀን ሠራተኝነት ገብተው፣ ስምንተኛን በማታ ትምህርት ጨርሰው፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዕፅዋት ሲያደርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ናፍታሊን፣ ናፍታሊን ይሸቱ ነበር። የላቲኑን ስም በራሳቸው ዜማ ይጠሩታል፤ እኛ እንስቅ ነበር። ቅጠሉን አይተው ቤተሰቡን ሲነግሩን ግን የሚስቅ አልነበረም።

ባሌ አብረን ፊልድ ወጥተናል። ሳነቴ ላይ፣ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ፣ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል። እኔ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ላንድሮቨሩ ውስጥ ተኮራምቻለሁ። እሳቸው በፋኖስ ብርሃን ፕሬሱን፣ ዕፅዋቱ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ የሚደርቅበትን፣ ፈትተው የእያንዳንዱን ናሙና ጋዜጣ ይቀይራሉ፤ እርጥቡን አውጥተው ደረቁን ያስገባሉ። እርሳሳቸውን በምላሳቸው እየነኩ ቁጥር ይጽፋሉ። ጠዋት ስነሳ ጅብራው ላይ በረዶ አርፎ፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ አየሁ። ያን ቀን ባዮሎጂስት የሆንኩ መሰለኝ። ለካ ባዮሎጂስቱ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ሰው ኖሯል።

ጡረታቸው ሲቃረብ አንድ ቀን ቢሮዬ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ሐሙስ ላይ ትንሽ የምናገረው ነገር ነበረኝ፤ ከመሄዴ በፊት» አሉኝ። አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። «ነጥቦቹ እዚህ ላይ አሉ።» ወረቀቱን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አልገለጥኩትም። ማስታወቂያውን ግን ለጠፍኩ፤ በስማቸው፣ «ስለ ናሙና አያያዝ» ብዬ።

ማክሰኞ ዕለት አንድ የውጭ አገር እንግዳ መጣ ተባለ። ያኔ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የሚዘረዘርበት ትልቁ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና በ2009 በስምንት ቅጽ ያለቀው፣ የሚጧጧፍበት ጊዜ ስለነበር የዕፅዋት ሰው ከውጭ መምጣቱ ብርቅ አልነበረም። ሰውየው ዓርብ ይመለሳል። አዳራሽና ስላይድ ማሳያ ያለን ሐሙስ ብቻ ነው። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ይህን አድርግ አላለኝም። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ሳወራ «ታዝዤ ነው» እል ነበር፤ ውሸት ነው። ራሴ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ወረድኩና በስማቸው ላይ መስመር ሰርዤ የእንግዳውን ስም ከላይ ጻፍኩበት። አዲስ ወረቀት እንኳ አልመታሁም። ቸኩዬ ነበር።

ሄጄ ስነግራቸው «ግድ የለም ልጄ፣ እንግዳ ይቀድማል» አሉኝ። «ለሚቀጥለው ሐሙስ» አልኳቸው።

እንግዳው ሲናገር ጋሼ የኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከረባት አድርገዋል። በላስቲክ የምትጠለቀዋ ዓይነት፣ ቋጠሮዋ የተሰፋ። ከዚያ በፊት ከረባት አድርገው አይቼ አላውቅም። ለራሳቸው ሐሙስ የገዟት መሆኗ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የሚቀጥለው ሐሙስ ፈተና ሆነ። ቀጥሎ ስብሰባ። ከዚያ ወሩ አለቀ፣ ጋቢ ሰጠናቸው፣ ፎቶ ተነሳን፣ አገራቸው ገቡ።

በዚያው ክረምት ሄርባርየሙን አስተካክሉ ተባልን። ገና ካርቶን ላይ ያልተለጠፉ፣ ከተሰበሰቡበት ጊዜ ጀምሮ በጋዜጣ ውስጥ የተቀመጡ የድሮ ናሙናዎች ነበሩ። ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል፣ አቧራ ነው። እኔ፣ የጽዳት ጀግና፣ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ወደ ንጹህ ነጭ ወረቀት አዛወርኳቸው። ጋዜጣውን ጠቅልዬ ለቆሎ ሻጯ ሰጠኋት። እሷም ደስ ብሏት ለሁለት ሳምንት ቆሎ በነጻ ሰጠችን። በሴሚናር ሰዓት በዚያው ጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣና በላነው።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ነገር ስፈልግ መሳቢያዬን ገለበጥኩ። የታጠፈችው ወረቀት ወጣች። ሦስት መስመር ነው ያላት፣ በእርሳስ፦

«1ኛ. ቀኑ በማን አቆጣጠር ነው?
2ኛ. ጋዜጣው አይጣል። ምክንያቱ ይነገራል።
3ኛ. ኪሎ ሜትሩ ከየት ተነስቶ ተለካ?»

ቁጭ አልኩ።

ምክንያቱን ማንም ሳይነግረኝ እዚያው ገባኝ። ናሙናው ላይ «5/2/66» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ሰብሳቢው የእኛ ሰው ከሆነ ጥቅምት 5 ቀን 1966 ነው። ፈረንጅ ከሆነ ፌብሩዋሪ 5፣ 1966፤ በእኛ ጥር 28 ቀን 1958። አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ወሩን ያስቀድማልና ሜይ 2 ይሆናል፤ ሚያዝያ 24። አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ቀን፣ ሦስት ወቅት፣ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት። ብልሆቹ ሰብሳቢዎች ወሩን በሮማ ቁጥር የሚጽፉት ለዚህ ነው። ሁሉም ግን ብልህ አይደለም፤ የፊልድ ማስታወሻ ደብተርም ይጠፋል።

አደይ አበባ ከሆነች ችግር የለም። ይህን ራሳቸው አንድ ቀን ካቢኔት ከፍተው አሳይተውኛል፦ «አበባዋ ፈክቷል፤ ታዲያ አደይ በጥር ምን ትሠራለች? ይሄ የእኛ ጥቅምት ነው።» አበባ የሌለው ናሙና ሲሆን ግን ምስክሩ ጋዜጣው ነው። የተጠቀለለበት አዲስ ዘመን የመስከረም 1966 ዕትም ከሆነ፣ ናሙናው በ1958 ሊሰበሰብ አይችልም፤ ሰው ገና ባልታተመ ጋዜጣ ቅጠል አይጠቀልልም። አሮጌ ጋዜጣ ሊጠቀም ይችላል፣ የነገን ግን አይችልም። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ነው። ዶክትሬት አይጠይቅም። አዳራሽ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢሰጣቸው ይነግሩን ነበር፣ እኔም ጋዜጣውን አልሰጥም ነበር።

ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። መልሱን የጻፈው የጎረቤት ልጅ ነው። ካረፉ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ቀኑና ቦታው ያልታወቀ ናሙና ምን ዋጋ አለው? ድርቆሽ ነው። ዛሬ እናንተ የአየር ንብረት ለውጥ፣ የአበባ ወቅት መዛባት፣ ዕፅዋት ወደ ተራራው ሽቅብ መሸሽ እያላችሁ የምትመረምሩት በእነዚያ ቁርጥራጭ ቀኖች ላይ ተመሥርታችሁ ነው። ከተሰበሰቡበት ደን አንዳንዱ ዛሬ የለም። ተመልሶ ሄዶ መሰብሰብ አይቻልም።

ስለ እንዶድ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፤ የብልሃርዝያ አስተላላፊዎቹ ናቸው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ወሰዱ። የሚገባቸው ነበሩ። ይህን ታሪክ በሴሚናር አዳራሽ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ከአጣቢ ሴቶች አንዷ ቆማ ስትናገር ግን አንድም ቀን አላየሁም። ማን ይጥራት? ማስታወቂያውን የሚጽፈው እንደ እኔ ያለው ነዋ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

የእናንተን ቻናል ገብቼ አየሁት። አትቀየሚኝ። ሰባት ፎቶ፣ ሁሉም ላይ ሰርተፍኬት የሚሰጥና የሚቀበል። ተናጋሪው ምን እንዳለ አንድ መስመር የለም። የዛሬ ልጆች ሴሚናር ከመግባታችሁ በፊት «ሰርተፍኬት አለው?» ትላላችሁ። ስላይዱን በስልክ ታነሳላችሁ፣ ቤት ገብታችሁ አታዩትም። እኛ ቢያንስ ለቆሎው እንመጣ ነበር። እርግጥ ነው፣ ያኔ የእናንተ ስልክ በኪሴ ቢኖር ኖሮ ጋሼን ኮሪደር ላይ አቁሜ አስር ደቂቃ እቀርጻቸው ነበር፤ ዛሬም ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ስለዚህ ወቀሳዬን ግማሹን መልሼ ወስጃለሁ።

ሥራው ጊዜ ይበላል? ይበላል። ዕድገት ያሰጣል? አያሰጥም። እኔም በእሱ ምክንያት አንድ ጽሑፌ ዘግይቷል። ሁለት ዓመት ያዥና ለሌላ አስረክቢ፤ ዕድሜ ልክ ከሠራሽው ግን ሰነፍ ነሽ ያለሽ ሁሉ እውነቱን ነው። አየሽ፣ መጀመሪያ አምልጪ ልልሽ ነበር፣ አሁን ያዥው እያልኩሽ ነው። ሁለቱንም አምኜበት ነው የምልሽ፤ የትኛው እንደሚሻልሽ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከያዝሽው ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ በዚህ ዓመት ጡረታ የሚወጣው ማነው? ፕሮፌሰሮቹን አይደለም፤ ለእነሱ ኬክ ይቆረጣል። የላብ ረዳቷን፣ ሾፌሩን፣ የችግኝ ጣቢያውን ዘበኛ። ሾፌሩ የሦስተኛዋን ጥያቄ መልስ ያውቃል፤ ናሙናው እስከተሰበሰበበት ቦታ ያለውን ኪሎ ሜትር ከጎባ ከተማ ይሁን ከመገንጠያው ጀምሮ የለካው እሱ ነው። በአማርኛ ይናገሩ፣ በኦሮምኛ ይናገሩ፣ ስላይድ አይኑራቸው። ወረቀት ከሰጡሽ ደግሞ እዚያው ፊታቸው ግለጪው።

ባለፈው ወር ወደ ድሮው ሄርባርየም ብቅ ብዬ ነበር። ወጣቶቹ ናሙናዎቹን ለኮምፒዩተር ፎቶ እያነሱ ነው፣ ደስ ይላል። የእኔ ጉዶች፣ ጋዜጣቸውን ገፍፌ ቀናቸው ሳይታወቅ የቀሩት፣ አሁንም በአንድ ካርቶን ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ሠላሳ አራት ናቸው። ከላይ ያለው ፈርን ነው። ፈርን አበባ የለውም፣ ስለዚህ ወቅቱን አይናገርም። ቀን በተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ቅድም የነገርኳችሁ ነው፣ 5/2/66፤ ምሳሌውን ከራሴ አላመጣሁትም። አጉሊ መነጽር ይዤ ሳገላብጠው ከቅጠሉ ሥር አውራ ጣት የምታክል የጋዜጣ ቁራጭ ተጣብቃ አገኘሁ። ያኔ ሳዛውረው ተቀዳ የቀረች መሆን አለባት። የስፖርት ገጽ ናት። «…ጊዮርጊስ 2 ለ 1…» ይላል፤ ተሸናፊው ተቀዷል።

ጊዮርጊስ በ58ም በ66ም ይጫወት ነበር። የድሮ የኳስ ውጤት በቃሉ የሚያውቅ አባት ወይም አያት ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጠይቁልኝ።