«ቀይ ቀበሮ» የማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ በጅማ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር የመረጥሁት ርዕስ በቀበሮ ሰውነት ውስጥ ባክቴሪያን ስለሚከላከሉ ፔፕታይዶችና ስለ ወንዱ የመውለድ አቅም ነው። በአማርኛ «የጀርም ገዳይ ፔፕታይዶች በወንድ ቀይ ቀበሮ ለምነት ላይ ያላቸው ሚና» ብዬ ጻፍሁት። አማካሪዬ «ለምነት» የሚለውን አልወደዱትም፤ ጓደኛዬ ደግሞ «መካንነት» በል ይለኛል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ የጠየቁኝን እመልሳለሁ፤ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሳይጠይቁኝ ያለፉት «ቀይ ቀበሮ» ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ይህ ስም በአማርኛ ባለቤት አለው። በባሌ፣ በአርሲና በሰሜን ተራሮች ደጋ ላይ አይጥ እያደነ የሚኖረው፣ ከ500 ያነሱ ጎልማሶች ብቻ የቀሩት የአገራችን ብርቅዬ እንስሳ ቀይ ቀበሮ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲመንሲስ ነው፤ የሰሜን ተራሮቹ ማለት ነው። በዝምድናም ቢሆን ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ ይቀርባል። የእርስዎ ርዕስ የሚመለከተው ግን ቩልፐስ ቩልፐስ የተባለው፣ በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አፍሪካ የሚኖረው፣ በኢትዮጵያ የሌለው እንስሳ ነው። ፈረንጆቹ በቋንቋቸው «ቀይ» ብለው ስለሚጠሩት ቃል በቃል ሲመልሱት የሌላውን ስም ወሰዱበት። አዳራሹ ውስጥ ከባሌ የመጣ ተማሪ ቢኖር፣ ሊጠፋ ከተቃረበው እንስሳችን የዘር ፈሳሽ ተወስዶ የተጠና ይመስለዋል። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚነገር ሁሉ የጥበቃው ጉዳይ ነውና።

ኦሮምኛ ለእኛው ቀይ ቀበሮ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ የሚል የራሱን ስም ሰጥቶታል። ሊወልዱ የደረሱ ባዝራዎችንና ላሞችን ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል። ጅማ ላይ ከአድማጮችዎ ብዙዎቹ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቁ፣ ልዩነቱን ሲያስረዱ ይህን ስም ቢጠቅሱላቸው ፈጥነው ይገባቸዋል።

ታዲያ ቩልፐስን ምን እንበለው? «የሰሜን ቀበሮ» አይሆንም፤ ተመልሶ ሰሜን ተራራ ላይ ይወስደናል። ርዕሱ ላይ «ቀበሮ» ብቻ ብለው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የትኛው እንደሆነ ይግለጹ። ከተማ ወጣ ሲሉ ሌሊት የሚጮኸውንም እንስሳ ሕዝቡ ቀበሮ ስለሚለው ያ ማብራሪያ የግድ ነው። በቃል ሲያስረዱ «የፈረንጅ ላም»፣ «የፈረንጅ ዶሮ» እንደሚባለው «የፈረንጅ ቀበሮ» ቢሉ አላፍርበትም፤ ማንም አይሳሳትም። የሚናገሩት ለፀጉሩ በእርባታ ስለሚያዘው ጥቁር ዓይነት ከሆነ ደግሞ «ብርማ ቀበሮ» ይበሉት፤ ዝርያው ያው ቩልፐስ ነው።

ወደ «ለምነት» እንምጣ። አማካሪዎ ትክክል ናቸው። ለም የሚባለው መሬት ነው። ግብርናና የእንስሳት ሕክምና በአንድ ኮሌጅ በሚማሩበት በእናንተ ግቢ «ለምነት» ሲባል የሰው ሐሳብ ወደ አፈር ይሄዳል። «መካንነት»ን ግን እኔም አልመርጥም፤ ምክንያቴን ሰፋ አድርጌ ልንገርዎ። ቃሉ ሴቴ ወንዴ አይልም። ዘዳግም 7፥14 ወንድንም ሴትንም፣ ሰውንም ከብትንም በአንድነት ይጠራበታል። ልማዳችን ግን ልጅ በታጣበት ቤት ሁሉ ስሙን በሴቲቱ ላይ ብቻ ሲለጥፍ ኖሯል፤ ይህ በብዙ ሴቶች ላይ የደረሰ በደል ነው። ስለዚህ ቃሉ ለወንድ መነገሩ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ይነገር። የማይስማማው ለቀበሮው ነው። የቩልፐስ ወንድ በዓመት አንድ ወቅት ብቻ ነው የሚራባው፤ በበጋቸው የዘር ፍሬው ይሟሽሻል፣ ዘር ማምረቱም ይቆማል፣ ወቅቱ ሲደርስ ሁሉም ይመለሳል። መካን ስንል የማይወልድ ማለታችን ስለሆነ ጊዜውን የሚጠብቅ እንስሳ በዚህ ስም ሊጠራ አይገባም። «የመራባት አቅም» ቢሉ ከፍ ማለቱንም ዝቅ ማለቱንም ይይዝልዎታል፤ የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎችም አፋቸው የለመደው እርሱን ነው።

«ገዳይ»ንም ያውጡት። እነዚህ ፔፕታይዶች፣ ማለትም አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች፣ መጀመሪያ ትኩረት የሳቡት ባክቴሪያን በመግደላቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ስዊድናዊው ተመራማሪ ሃንስ ቦማንና ባልደረቦቹ ከአንድ የእሳት እራት ያገኟቸው ይጠቀሳሉ። በወንዱ የመራቢያ አካል ውስጥ ግን ሥራቸው ከዚህ ያልፋል። ቤታ ዲፌንሲን ከሚባሉት አንዱ በዝንጀሮ ዘመዶች ላይ ሲጠና፣ የወንዴውን ዘር እንደ ካባ ሸፍኖ በማኅፀን በር ንፍጥ ውስጥ እንዲያልፍ ሲረዳው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰው ላይ የወጣ ጥናትም፣ የዚሁ ፔፕታይድ ዘረመል ከሁለቱም ወላጅ ጎድሎ የደረሳቸው ወንዶች ዘራቸው ንፍጡን ተክቶ ለሙከራ በቀረበ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ለማለፍ እንደሚቸገር፣ ሚስቶቻቸውም ለማርገዝ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስድባቸው አሳይቷል። የርዕስዎ ዋና ጉዳይ መራባት ሆኖ ሳለ «ገዳይ» ቢሉ ይህን ግማሽ ሥራ ይሸፍኑበታል።

«ፀረ ተሕዋስያን» ይበቃል። ፀር በግእዝ ጠላት ነው፤ «ፀረ» ሲሆን «የእገሌ ጠላት» ማለት ነውና ፊቱ ላይ ሌላ «የ» አይጨመርበትም። ፀረ ተባይ መድኃኒት እንደምንለው ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይድ እንላለን። «ተሕዋስያን» ራሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ተሕዋስያኖች» አይባልም። «ፔፕታይድ» እንደ ፕሮቲን ሁሉ እንዳለ ይግባ።

ለወንዱ «ወንድ»፣ «ወንዴ» ወይም «ተባዕት» ሦስቱም ያስኬዳሉ፤ ለጽሑፍ «ተባዕት»ን እመርጣለሁ። እንግዲህ ርዕስዎ «ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይዶች በተባዕት ቀበሮ የመራባት አቅም ላይ ያላቸው ሚና» ይሁን። ኤፒዲዲሚስ የሚለው ቃል ሲመጣ አንድ ጊዜ «ከዘር ፍሬው ጋር ተያይዞ የተጠመጠመ፣ ዘሩ የሚበስልበት ቀጭን ቱቦ» ብለው ይግለጹት፤ ከዚያ በኋላ በስሙ ቢጠሩት አድማጩ ይከተልዎታል።