ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ይድረስ ኬሚስትሪ ለምትማሩ ልጆቼ፤

በቀደም ከመካከላችሁ አንዱ «ጋሼ፣ ተክሉ ራሱ የሚሠራውን ነገር እርስዎ በብርጭቆ ለመሥራት ዕድሜዎን ጨረሱ፤ ምን አተረፉ?» ብሎኛል። ስቄ አለፍኩት እንጂ ነገሩስ ሲከነክነኝ አደረ።

ኬሚስትሪን የጀመርኩት እናቴ ዘንድ ነው። ደብረ ብርሃን አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን። የኔ ሥራ መቀበያው ዕቃ የተነከረበትን ውሃ መቀየር ነበር። ትንሽ ከዘነጋሁ ውሃው ይሞቅና እንፋሎቱ ያመልጣል፤ ቁጣው ይከተላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንፋሎትን አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርገውን የብርጭቆ ኮንደንሰር ሲያሳዩኝ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

ዕድሜዬን የጨረስኩባቸው፣ አልካሎይድ የምንላቸው፣ ናይትሮጅን ያለባቸው፣ አብዛኞቹ መራራ የሆኑ የዕፅዋት ውሁዶች ናቸው፤ የቡናው ካፌይን፣ የወባው ኪኒን፣ ሞርፊን። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አስተናግርም አለው። ስሙ ራሱ የመርዙን ምልክት ይናገራል፤ የበላውን ያስለፈልፋል፣ ሲብስም ይገድላልና እንዳትቀምሱት። ውስጡ ያለው አትሮፒን ግን በሐኪም እጅ የዓይንን ብሌን ለማስፋት ይውላል።

የአትሮፒን አጽም፣ ማለትም የአቶሞቹ ዋና አደራደር፣ ትሮፒኖን ከሚባል ውሁድ ጋር አንድ ነው። ጀርመናዊው ሪቻርድ ቪልሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1901 ትሮፒኖንን ሲሠራ መንገዱ ከ10 እርከን (አንዱን ውሁድ ወደ ሌላ የመለወጥ ሥራ) በላይ ነበር፤ በመጨረሻ ያገኘውም ሊገኝ ከሚችለው ምርት 1 በመቶ አልሞላም። እንግሊዛዊው ሮበርት ሮቢንሰን በ1917 ሦስት ቀላል ነገሮችን በአንድ ዕቃ ቀላቅሎ፣ ያለ እሳት አገኘው። እያንዳንዱ እርከን 90 በመቶ ቢሰጣችሁ ከ20 እርከን በኋላ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 12 በመቶ ነው። 90 ካገኛችሁ ማለቴ ነው፤ እኔ 40 አግኝቼ ድግስ የቃጣኝ ቀን አለ።

ተክሉ የሚሠራውን እኛ ለምን በቤተ ሙከራ እንሠራለን ላላችሁት፦ መዋቅሩ እንዲህ ነው ብሎ መገመትና ሠርቶ ማሳየት ለየቅል ናቸው። መርዛማው አልካሎይድ ስትሪክኒን በ1818 ከዕፅዋት ተለይቶ ወጣ፤ አሜሪካዊው ሮበርት ውድዋርድ በቤተ ሙከራ ሠርቶ ያሳየው ግን በ1954 ነው።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በኤታኖል (በአረቄው አልኮል) እያፈላን የምንሠራው አንድ እርከን ነበር። ውጭ ሳለሁ፣ ባሕር ዳርቻ ባለች ከተማ፣ በአንድ ሌሊት ያልቅልኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ተማሪዬ ስትሠራው ግማሹ እንኳ ሳይለወጥ ያድራል። ሦስት ወር ሙሉ «ዕቃው በደንብ አልደረቀም፣ ልብ አላልሽም» ስላት ከረምኩ። ልጅቷ ደብተሯ ላይ በየቀኑ 70 ዲግሪ እያለች ትጽፋለች። መጽሐፉ የሚለው 78 ነው። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብዬ አስቀየርኩ። አዲሱም 70 አለ።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ፈሳሹን የሚጫነው ግፊት ስለሚያንስ ኤታኖሉ በ70 ይፈላል፤ አንዴ ከፈላ ደግሞ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ውሃ እንኳ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ባቄላው ቶሎ በሰለልኝ የሚለው ለዚሁ ነው። በኬሚስቶች የግምት ደንብ ደግሞ 10 ዲግሪ ሲቀንስ የለውጡ ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። አረቄ ሲወጣ እያየሁ ያደግኩት ሰው፣ የቆምኩበትን ተራራ ረስቼ በባሕር ጠለል ቁጥር ልጅ ስወቅስ ከረምኩ።

ይቅርታ ስጠይቃት «እኔም ነገሩ ገርሞኝ ነበር ጋሼ፤ እርስዎ 78 ሲሉ ፈራሁ እንጂ» አለችኝ። ይኸኛው ባሰብኝ። ስለዚህ አስተማሪያችሁ ዘንድ ስትሄዱ ደብተራችሁን ገልጣችሁ ሂዱ። ያያችሁትን ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ብትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አታጥፉት። ከሸፈ ብላችሁም ገጹን አትቅደዱ። የኔ ደብተሮች አብዛኛው ገጻቸው የከሸፈ ሙከራ ነው፤ ዛሬ ሳገላብጣቸው የምቆየውም እዚያ ላይ ነው።



ልጅቷ በማግስቱ ኤታኖሉን ፕሮፓኖል በሚባል ሌላ አልኮል ተካችው፤ እሱ ባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ97 ነው። ጠዋት ቤተ ሙከራው ስገባ የቅልቅሉን ውሁዶች ለያይቶ በነጥብ በሚያሳየው የክሮማቶግራፊ ሰሌዳዋ ላይ የመነሻው ውሁድ ነጥብ ጠፍቷል፤ ሁሉም ተለውጧል ማለት ነው። ሰሌዳውን ደብተሯ ላይ ስላው፣ ከጎኑ 88 ብላ ጽፋለች።