«ሰብጀክት» ለሚለው ቃል 339 ሺህ ብር ከፍያለሁ፤ አንቺ በነጻ ውሰጂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ማታ ነው። ጠዋት እመልሳለሁ ብዬ ብተኛም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እዚሁ ጅማ በአንድ ድርጅት በጽሕፈት ሥራ መቀጠርሽን፣ ከውጭ በሚመጡት ደብዳቤዎች ውስጥ «ሰብጀክት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በየመስመሩ ፍቺው እየተለዋወጠ እንዳስቸገረሽ፣ መዝገበ ቃላት ብትከፍቺም ትርጉሙ ተደርድሮ እንደጠበቀሽ ጽፈሻል። «ሁሉንም ልሸምድደው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?» ነው ያልሽው። ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ አልገለጽሽም። እኔ ቡና ላኪ ነው ብዬ ይዣለሁ። ዩኒቨርሲቲውን ትተን፣ ጅማ ላይ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለሌላ ለማን ይመጣል?

ከእኔ በፊት የመለሱትን አይቻለሁ። አንዱ ወንድም «ይህማ ምን አላት፤ ራን የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ 645 ትርጉም አለው» ብሎ ሄዷል። ውሸት አይደለም፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚያ ግስ ብቻ ያንን ያህል ፍቺ ቆጥረዋል። ግን ጥርሱን ላመመው ሰው የጎረቤቱን የወገብ ሕመም ቢነግሩት ምን ይጠቅመዋል? ሌላዋ ደግሞ «የትምህርት ዓይነት ማለት ነው፣ አበቃ» ብላለች። እኔም አንድ ጊዜ አበቃ ብዬ ነበር።

በቁጥር ልጻፍልሽ፣ እንዲቀልሽ።

1. ቃሉ ብቻውን ሲቆምና «ቱ» የምትለዋን ትንሽ ቃል አስከትሎ ሲመጣ እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ቁጠሪያቸው። ብቻውን ከሆነ ብዙ ጊዜ አያስፈራም። በደብዳቤ ራስ ላይ ያለው እኛ «ጉዳዩ፦» ብለን የምንጽፈው ነው። ትምህርት ቤት ከሆነ ሒሳብ፣ ፊዚክስ የምንለው ነው። በሰዋስው ባለቤት ነው። በሕክምና ጥናት ደግሞ ጥናቱ የሚካሄድበት ሰው ማለት ነው፤ አሁን አሁን አጥኚዎቹ ራሳቸው ስለማይወዱት «ተሳታፊ» የሚለውን መርጠዋል። «ቱ» ከተከተለው ግን ወንበር ስበሽ ቁጭ በዪና አንብቢ። በተለይ በውል ላይ ከሆነ፣ ከፊቱ የተባለው ነገር ሁሉ ገና አልጸናም።

2. ማኅተም ያለበት ትርጉም ሁሉ ትክክል ነው ብለሽ አትመኚ። ይኸውልሽ የእኔ ታሪክ።

ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ለመጀመሪያ ጊዜ ቡናችንን ራሳችን ወደ ውጭ ልንልክ ተነሣን። 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በድምሩ 19,200 ኪሎ፤ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ልክ የሚይዘውን ያህል። በፀሐይ የደረቀ፣ ሚስቴ ሳትቀር ቡናው የሚሰጣበት አልጋ ዙሪያ እየዞረች የለቀመችው ቡና ነው። ከብዙ መጻጻፍ በኋላ ከገዢው ኢሜይል መጣ። በእኛው ፊደል ልጻፈው፦ «ዊ ኮንፈርም ፐርቼዝ፣ ሰብጀክት ቱ አፕሩቫል ኦፍ ሳምፕል።» ከሥሩ ደግሞ «ናንስ» የምትል፣ በእንግሊዝኛው ባለ አራት ፊደል ቃል አለች።

«ኮንፈርም» የሚለውን አውቀው ነበር። ልቤ ያኔውኑ ዘለለ። ቢሆንም ጠንቃቃ ሰው ነኝ ብዬ ወረቀቱን ይዤ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት የትርጉም ቤቶች ወደ አንዱ ሄድኩ። ሰውየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አንድ ጊዜ አየው፣ ከዚያ እንዲህ ብሎ መታልኝ፦ «ግዢውን እናረጋግጣለን። ጉዳዩ፦ የናሙና ማጽደቅ።» ሁለት መቶ ብር ተቀበለኝና ማኅተሙን ደገፍ ብሎ ረገጠበት። «ናንስ»ን ምን እናድርጋት ስለው «የጸሐፊዋ ስም ይሆናላ» አለ። እኔም አመንኩ። እንዲያውም መልስ ስጽፍ ለወይዘሮ ናንስ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ ብያለሁ። ሳቂ፤ አሁን እኔም እስቃለሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ የአዲስ አበባ ቡና ላኪ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር አስጠርቶኝ ቡናውን በሙሉ ልውሰደው፣ ገንዘቡን ዛሬውኑ ላስገባ አለኝ። ዋጋውም ጥሩ ነበር። እኔ ግን እግሬን አነባብሬ «ተሽጧል» አልኩት። ማኪያቶዬን ራሱ ከፍሎልኝ ሄደ።

ዋናው ስሕተት ግን ይህ እንኳ አይደለም። ገዢው 300 ግራም ናሙና ላኩ ብሎ ነበር። ሽያጩ ያለቀ ስለመሰለኝ ናሙናው የይስሙላ ወረቀት ማሟያ ነው ብዬ ያዝኩት። ወግ ያለው ሰው የጆንያ መውጊያ ብረቱን ይዞ ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመሀልም ከታችም ጥቂት ጥቂት ወስዶ፣ ደባልቆ ነው የሚልከው። እኔ ምን አደረግሁ? በሩ አጠገብ ያለውን ጆንያ ከፍቼ በእፍኜ ዘገንኩ። ያ ጆንያ ክረምት መውጫ ላይ ቆርቆሮው ያፈሰሰበት ነው። ላዩን ስትነኪው ደረቅ ነው፤ እጅሽን እስከ ክርንሽ ስታስገቢው ግን ቅዝቅዝ ይላል። ይህን እያወቅሁ ነው የዘገንኩት። ቃሉን በትክክል ተረድቼው ቢሆን ኖሮ ከ320ው ሁሉ ያንን ጆንያ እነካ ነበር?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት መስመር መጣች፦ ናሙናው አልጸደቀም፣ አፈር አፈር ይላል፣ ስለዚህ ሽያጭ የለም። ያ የአዲስ አበባ ሰው ጋ ስደውል ገበያው ወርዶ ነበር። እሱም አልጨከነም፣ ወሰደው፤ ግን በፈረሱላ 300 ብር ቀንሶ። ፈረሱላዋ 17 ኪሎ ናት፤ 19,200ን ለ17 አካፍለሽ በ300 አባዢው። ወደ 339 ሺህ ብር ይመጣል። ጎረቤቶቼ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተበደልኩ ብዬ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የሄደ ያውቀዋል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ቆሎዋን እየቆረጠመች፣ ወረቀቴን በሁለት ጣቷ ወደ እኔ መለሰችና «እንግሊዝኛ ሳያነቡ ኤክስፖርት ማን ግባ አለዎት?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሁለት ቀን ሙሉ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ነገሩን የገለጠልኝ አጠገቤ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ወጣት ነው። ኢሜይሉን አየት አድርጎ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ገዛን አይልም፤ ናሙናውን ስናየው ከወደድነው እንገዛለን ነው የሚለው። ናንስም ሰው አይደለችም፤ ኖ አፕሩቫል፣ ኖ ሴል ማለት ነው። ካልጸደቀ ሽያጭ የለም» አለኝ። በነጻ ነው የነገረኝ። ማኅተምም አልነበረውም።

3. ጣይው። ማለቴ፣ «ጣለ» የሚለውን የራሳችንን ቃል አስቢ።

ይህን ያስተማሩኝ የጎረቤቴ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር። ነገሬን ሰምተው ሲያበቁ «ዝናብ ጣለ» አሉኝ። እውነትም እየዘነበ ነበር። «ዶሮዋ እንቁላል ጣለች። ሴትዮዋ ጠጅ ጣለች። ዕቁብ ጣልን። ድንኳን ጣሉ። ግብር ጣሉብን። ተስፋውን በልጁ ላይ ጣለ። ይህን ሁሉ ከመዝገበ ቃላት ሸምድደህ ነው ያወቅኸው?» አይደለም አልኩ። «ታዲያ እንዴት አወቅኸው?» ከጎኑ ባለው ቃል ነዋ። ዶሮ ካለ እንቁላል ነው፣ ወር ደርሶ ስም ሲጠራ ዕቁብ ነው። «እንግዲህ እንግሊዞቹም እንደዚያው ናቸው» አሉኝ።

ቀጥለው የነገሩኝ ግን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሱብ ማለት ከሥር፣ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ መጣል ነው። «ሰብጀክት» ከሥር የተጣለ ማለት ነው። ተማሪው የሚያጠናው ጉዳይ ከፊቱ፣ ከእጁ ሥር የተጣለለት ነው። የንጉሥ ተገዢ ከንጉሡ ሥር ነው፤ እንግሊዞች በቅኝ ግዛት ዘመን የቅኝ ግዛታቸውን ሰው በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ዋጋው «ሰብጀክት ቱ ቼንጅ» ከተባለ ለለውጥ ተጋልጧል፣ ዛሬ ያየሽው ነገ ላይኖር ይችላል። ሽያጩ ከናሙናው ሥር ከሆነ ደግሞ ናሙናው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ዘመዶቹንም ልብ በዪ፤ ፕሮጀክት ወደ ፊት የተጣለ፣ ኢንጀክሽን ወደ ውስጥ የተጣለ፣ ሪጀክት ወደ ኋላ የተጣለ። እኔ በአንድ ወር ውስጥ ከሥር ተጥዬ ወደ ኋላም ተጥያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አይዋጥልኝም። በእኛ ሰዋስው ያው ቃል «ባለቤት» ነው። እነሱ ከሥር የጣሉትን እኛ ቤት ሰጥተነዋል። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ሆና «ቡናው በገዢው ተመለሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዛ መጥታ «አባዬ፣ ባለቤቱ ማን ነው?» ስትለኝ፣ እኔ ነኝ ልል ነበር። ቡናው ነው አለች።

ቅድመ ሁኔታ ያለበት ተገዢነት እንዴት ያለ እንደሆነ ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ጅሬን ወጥተሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ተመልከቺ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው፣ ግብሩን እስከከፈሉ ድረስ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል፤ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1932 ሲያርፉ ግን ያ ነገር አበቃ። መምህሩ «ሰብጀክት ቱ ማለት ይኸው ነው፤ ይህ እስካለ ድረስ ያ ይኖራል» ብለውኛል። የታሪክ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ፣ እኔን ግን ገብቶኛል።

4. ነጋሪት ጋዜጣ አንብቢ። አትሳቂ። የፌዴራሉ አዋጆች ገጻቸው ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ዓምድ አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለቱ ከተጋጩም የሚጸናው አማርኛው እንደሆነ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ተደንግጓል። የኦሮሚያ ክልል ሕግ የሚታተምበት መገለታ ኦሮሚያ ደግሞ አፋን ኦሮሞንም ስለሚጨምር ለጅማ ሰው በሦስት ቋንቋ ማመሳከሪያ ነው። በእንግሊዝኛው ዓምድ «ሰብጀክት ቱ» የሚል ስታገኚ ጣትሽን አግድም ወደ አማርኛው ውሰጂው። ብዙ ጊዜ «እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል ታገኛለሽ። ይህን ቃል ያገኘሁ ቀን ያንን ተርጓሚ አስታውሼ ጠረጴዛ መታሁ። «የናሙናው መጽደቅ እንደተጠበቀ ሆኖ ግዢውን እናረጋግጣለን» ብሎ ቢጽፍልኝ ኖሮ ያንን ጆንያ በእግሬ እንኳ አልነካውም ነበር።

5. ቡና ላይ ከሆንሽ እነዚህን ደብተርሽ ላይ ጻፊ። «ሰብጀክት አንሶልድ» ሲሉ ቡናው እስከዚያ ለሌላ ካልተሸጠ ማለታቸው ነው፤ ስለዚህ መልስ አታዘግዪ። «ሰብጀክት ቱ ፋይናል ኮንፈርሜሽን» ካለ የመጨረሻ ማረጋገጫ ሳይመጣ መኪና አትጫኚ። የናሙናውን ሁለት ዓይነት ልንገርሽ፤ አንዱ የእኔዋ ወይዘሮ ናንስ ናት፣ አንድ ጊዜ ከወደቅሽ ወደቅሽ። ሌላው «ሪፕሌስ» የሚል ቃል ያለበት ነው፤ የመጀመሪያው ናሙና ቢወድቅ ሌላ የማቅረብ ዕድል አለሽ። እኔ አሁን «ሪፕሌስ» ካልገባበት አልፈርምም። ገዢዎቹ አንዳንዴ ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ። ካለፉት አራት ናሙናዎቼ አንድም አልተመለሰም፤ ሁሉንም ራሴ ነው የምወጋው፣ ልጄ ደግሞ ቁጥሩን ትይዛለች።

ቡና ላይ ካልሆንሽም የቅጥር ደብዳቤሽን አውጥተሽ እዪው። በእንግሊዝኛ ከሆነ ይህ ቃል ሳይኖርበት አይቀርም፤ ከሙከራ ጊዜ ወይም ከጤና ምርመራ ጋር ተያይዞ ታገኚዋለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ቀኑን ቁጠሪ።

አሁን ያስቸገረሽን ዓረፍተ ነገር እዚሁ ለጥፊው። ግን ቃሉን ነጥለሽ አታምጪብኝ፤ ከፊቱም ከኋላውም ያለውን ሙሉውን መስመር ጻፊ፣ ከሥሩ አጭር አጭር ፊደላት ካሉም አትተያቸው። የድርጅቱን ስምና ዋጋውን ሸፍኚ። ማታ ከመጋዘን ስመለስ አየዋለሁ።