የቁልቢ ስለቴና የሴትየዋ ቀብድ

እትዬ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው፣ ባሌ "ሁለተኛዋ የንስሐ አባትሽ" እያለ ይቀልድብኛል። ከረዘመብዎ ይቅርታ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው የምጽፍልዎ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ቆየ።

36 ዓመቴ ነው። መርካቶ ስፌት ማሽንና የስፌት እቃ እሸጣለሁ፣ ክር በሉት ዚፕ በሉት ገበር በሉት ሁሉም አለ። ሱቁን የከፈትኩት በእቁብና ከአክስቴ በተበደርኩት ብር ነው። ያደግኩት ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፣ መዘምር ነበርኩ፣ እና እዛ ስለ ሀብታም ከተማርነው ውስጥ አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ የቀረው ያ ግመልና መርፌ ነው። ስለዚህ ብር ባገኘሁ ቁጥር ደስታዬ ሙሉ አይሆንም፣ ከኋላዬ የሆነ ሰው ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል። እናቴም "ገንዘብ የኃጢአት ስር ነው" ማለት ትወዳለች፣ አስቤዛው አንድ ቀን ሲዘገይ ግን ቀድማ የምትደውለው እሷ ናት፣ በፍቅር ነው የምለው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። 2016 ላይ ገበያው ሞቶ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከአስመጪ በዱቤ 38 ማሽን አንስቼ ስቶር ሞልቼ ቁጭ ብያለሁ። የዱቤው ቀን እየደረሰ ሲመጣ ጭንቀቱ ሊገለኝ ሲል ለሐምሌ 19 ቁልቢ ሄድኩ። ይሄ እቃ ካለቀልኝ ለታህሳስ ጥላና 50 ሺ ብር አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። እሁድ ማታ አዲስ አበባ ገባን፣ ሰኞ ሐምሌ 22 ጠዋት ሱቅ ስከፍት ጎረቤት ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ለካ ዶላሩ ለገበያ ተለቋል! 57 ብር አካባቢ የነበረው ባንክ ላይ ከ74 በላይ ተለጥፏል፣ ነሐሴ ሳያልቅ ደሞ ከ100 አለፈ። አስመጪዬ ደውሎ "ያለሽን እንዳትሸጪ፣ ቁጭ በይበት" አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስቶሬ ሞልቶ "የለም፣ አልቋል" ስል ዋልኩ። ከዛ 14 ሺ የነበረው ማሽን 18 ሆነ፣ ከዛ 22፣ በዛ ዋጋም ተሻምተው ወሰዱት። ዱቤዬን ከፍዬ ካሰብኩት ውጪ ከ200 ሺ ብር በላይ እጄ ላይ ቀረ። ገብርኤል ሰማኝ ብዬ አለቀስኩ እትዬ። ታህሳስ 19 ጥላውንም ብሩንም አስገባሁ።

እስከዚህ ድረስ ምን ችግር አለው ይሉ ይሆናል። አንዲት ሴትዮ አለች።

ሰኔ ላይ መጥታ በ14 ሺ ተስማምተን 6 ሺ ብር ቀብድ ሰጥታኝ ነበር። ነሐሴን የተማሪ ዩኒፎርም ልትሰፋበት ነው። ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀሪውን 8 ሺ ይዛ መጣች። በር ላይ ሳያት ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጓዳ ገብቼ የምትሸጥልኝን ልጅ "22 ገብቷል በያት" ብዬ ላኳት። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ልጅቷ ቀብዷን መለሰችላት፣ ሁለቴ ቆጥራ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና "እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ" ብላት ሄደች። ስልኳ እስካሁን የቀብድ ደብተሬ ላይ አለ።

የባሰው ነገር ደግሞ ፊት ለፊቴ ያሉት ሐጂ የሦስት ሰው ቀብድ ነበረባቸው፣ ለሦስቱም በድሮው ዋጋ አስረከቡ። ልጃቸው ሲቆጣ "ቃል ሰጥቻለሁ" ብቻ ነው ያሉት፣ ሌላ ነገር አልተናገሩም። አጠገባቸው ያለው ነጋዴ ስቆ "ሐጂ፣ ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ" ሲላቸው ሰምቻለሁ፣ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ለንስሐ አባቴ ዋጋ ጨምሬ ሸጥኩ ብዬ ተናገርኩ። "ንግድ ነው ልጄ፣ አስራትሽን አትርሺ" አሉኝ። አስራቱን አወጣሁ። ግን ከዛ ወዲህ አልቆረብኩም፣ ባሌ ለምን ሲለኝ ሰበብ አላጣም።

አሁን እሱ ሁለተኛ ሱቅ እንክፈት፣ ራሳችን ከቻይና እናስመጣ እያለኝ ነው፣ ብሩም አለ። እኔ ግን እጄ አልፈታ አለ። ሁሉን ትቼ ተቀጥሬ ብሰራ ይሻለኝ ይሆን? ሀብትና ሃይማኖት አብረው ይሄዳሉ ወይ? እውነቱን ይንገሩኝ።

ከመርካቶ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጥያቄሽ መጨረሻው ላይ ነው የተጻፈው፣ እንቅልፍ የነሳሽ ግን እዛ መደርደሪያው ጀርባ ነው ያለው። ስለዚህ ትልቁን ጥያቄ ቶሎ ብዬ ልለፈው።

አዎ፣ አብረው ይሄዳሉ። ልድያ የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለችው ነጋዴ ናት፣ ቀይ ሐር ትሸጥ ነበር፣ ጳውሎስን ቤቷ አስገብታ አስተናገደችው እንጂ ሱቅሽን ዝጊ ያላት የለም፣ እንደውም ጨርቅ ሻጭ ስለሆነች የሙያ ዘመድሽ ናት። ጌታ የተቀበረበትን መቃብር የሰጠው ዮሴፍ ዘአርማትያስም ባለጠጋ ነበር። እናትሽ የሚጠቅሱት ቃል ደግሞ "ገንዘብን መውደድ" ነው የሚለው፣ መውደድ የምትለዋን እየዋጥን ነው የምንጠቅሰው። ግመሉም በመርፌው ቀዳዳ እንዴት እንደሚያልፍ ካንቺ ከመርፌ ነጋዴዋ በላይ ማን ያውቃል 😄

ግን ስለ ግመሉ ካነሳሽው አይቀር ሉቃስ 18ን ካነበብሽ በኋላ እዛው አታቁሚ፣ 19ን ቀጥዪ። 18 ላይ ያለው ሀብታም ያለህን ሁሉ ሽጥ ተብሎ አዝኖ የሄደው ነው። 19 ላይ ኢያሪኮ ውስጥ ዘኬዎስ አለ፣ ሾላ ላይ የወጣው አጭሩ ሰውዬ፣ እሱም ሀብታም ነው፣ ያውም የቀራጮች አለቃ። እሱን ሽጥ ያለው የለም፣ ስራህን ልቀቅ ያለውም የለም። ራሱ ተነስቶ ቆመና የሀብቴን እኩሌታ ለድሆች፣ የበደልኩት ሰው ካለ ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ልብ በይ፣ ሁለት የተለያየ ሂሳብ ነው። የድሆቹ ለብቻው፣ የተበደለው ሰው ለብቻው። አንቺ ሁለቱን አንድ ላይ አደባለቅሽው፣ ጥላ አስገባሽ 50 ሺ አስገባሽ አስራት አወጣሽ፣ የዛች ሴትዮ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሳንቲም አልደረሳትም።

ዋጋ መጨመርሽን በተመለከተ እኔ ብዙ ሰው እንደሚፈርደው አልፈርድብሽም። 38ቱንም በ14 ሺ ብትሸጫቸው ኖሮ በዛው ብር ተመልሰሽ 30 ማሽን እንኳን አታነሺም ነበር፣ ሱቁ በዓመቱ ባዶ ይቀራል። ይሄን ነግዶ የማያውቅ ሰው አይረዳውም። ሦስት ቀን "የለም" ማለትሽ ውሸት ነው፣ እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ የተጨመረው ዋጋ ግን የብዙ ነጋዴ እጣ ነበር።

ቀብዱ ግን ሌላ ነው። ቀብድ ማለት ተሸጧል ማለት ነው እኮ። ከሰኔ ጀምሮ ያ ማሽን ያንቺ አልነበረም፣ ያንቺ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ የሰው ማሽን ነው። የሃይማኖት ነገር ነው ብለሽ እንዳታስቢ፣ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህጋችን አንቀጽ 1885ን አንብቢው፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ሰው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ማለትም 12 ሺ። አንቺ 6 ነው የመለስሽው። ይሄ እንግዲህ የቄሳር ሂሳብ ነው፣ ወንጌሉን ገና አልጀመርነውም፣ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ነው ያለው። በዛ ላይ ነሐሴዋን አስቢው። ዩኒፎርም የሚሰፋው መስከረም ሳይገባ ነው፣ ያ ወር ካለፈ ዓመቱን ሙሉ አይመለስም። አንቺ ማሽን አይደለም የከለከልሻት፣ የዓመት ገቢዋን ነው።

አባቴ እህል በረንዳ ነጋዴ ነበር። ከገበሬ ሲገዛ እስከ ሳንቲሟ ይከራከራል፣ እኛ ልጆቹ እስክናፍር ድረስ፣ ጤፍ ሰፍሮ ሲሸጥ ግን ቁናው ላይ የተቆለለውን በእጁ ጠርጎ አያውቅም። አንዴ ለምን እንደሆነ ብጠይቀው "ክርክሩ የኔ ነው፣ ቁናው የሰው ነው" አለኝ። በወቅቱ አልገባኝም ነበር።

የገብርኤልን ነገር እንዳትቀየሚኝ በቀስታ ልበል። አልሰማሽም አልልም፣ ማን ነኝና። ግን ዶላሩ የተለቀቀው ለሀገር ሁሉ ነው፣ ይሄ ላንቺ ስለት የመጣ መልስ ነው ካልን ለሷስ ምን ሊሆን ነው? እሷም እኮ የሆነ ቦታ የተሳለችው ነገር ይኖራል። ሐምሌ 19 ደግሞ ቅዱስ ገብርኤል ቂርቆስን ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ከፈላው ጋን ያወጣበት ቀን ነው፣ ባለስቶርን ሳይሆን እናትና ልጅን። ጌታም ማቴዎስ 5 ላይ መባሽን ይዘሽ መሠዊያው ጋ ደርሰሽ የተቀየመሽ ሰው ትዝ ካለሽ መባውን እዛው ትተሽ መጀመሪያ ሂጂ ታረቂ ነው ያለው። መባውን አትስጪ አላለም፣ ተራውን ነው ያስተካከለው። አንቺ ቁልቢ ስትደርሺ ትዝ ብላሽ ነበር፣ አይደል?

ንስሐ አባትሽ ደግሞ አልተሳሳቱም፣ ግማሹን ነግረሻቸው ለግማሹ መለሱልሽ። ቀብዱን አልነገርሻቸውም፣ መደርደሪያውንም አልነገርሻቸውም። እኔ ካህን አይደለሁም፣ የቁርባንሽን ነገር ከሳቸው ጋር ነው የምትጨርሺው፣ ግን ሙሉውን ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ደብተሩን አውጪ። ራስሽ ደውዪ፣ ልጅቷ እንዳትደውል። "እናቴ፣ እኔ የስፌት ማሽኗ ባለሱቅ ነኝ፣ ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፣ አጥፍቻለሁ" በያቸው። ረጅም ማብራሪያ ስለ ዶላር ስለ አስመጪ አታብዢ። ማሽኑን አሁንም ከፈለጉት በ14 ሺ ሽጪላቸው። በነጻ አትስጪ፣ ያኔ 14 ሺውን አሟልተው ነው የመጡት፣ ለማኝ አልነበሩም፣ አሁን ምጽዋት ብታደርጊው ሁለተኛ ማዋረድ ነው። የዛን ጊዜውን የቀብድ እጥፍ ቀሪ 6 ሺ ግን ለብቻው በእጃቸው ስጪ፣ ያ የሳቸው ነው። ሌላ ቦታ በውድ ገዝተው ከሆነ ደግሞ ልዩነቱን ክፈዪ። ከ200 ሺው ላይ እንደማይጎልሽ ሁለታችንም እናውቃለን። ስልክ የያዘ ሰው አጠገብሽ አይቁም፣ ቲክቶክ ላይ እንዳላየው። ስልኩ ካልሰራ ሰፈራቸውን ጠይቂ፣ ፈልገሽ ፈልገሽ ካጣሽ ምን እንደምታደርጊበት አባትሽ ይነግሩሻል፣ ግን መጀመሪያ ፈልጊ።

ልጅቷንም አትርሺያት። ያንቺን ቃል ተሸክማ ፊት ለፊት የቆመችው እሷ ናት፣ ምርቃቱንም የተቀበለችው እሷ ናት። ይቅርታ በያት።

ሁለተኛውን ሱቅ ክፈቱ። ተቀጥረሽ ብትሰሪ ይሄ ነገር እዛም ተከትሎሽ ይመጣል፣ እንደውም ያኔ የምትከፍዪበት ብር አይኖርሽም። ከቻይና ስታስመጡ ግን አንድ ነገር፣ የቀብድ ደረሰኛችሁ ላይ ዋጋው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና፣ ካለፈ ምን እንደሚሆን ጽፋችሁ አስፈርሙ፣ ምንዛሪው ነገ የት እንደሚያድር አይታወቅምና ቃልሽን የምትችዪውን ያህል ብቻ ስጪ። ሐጂን ቡና ጋብዘሽ እንዴት እንደሚያደርጉት ብትጠይቂያቸውም አይከፋም፣ እግረ መንገድሽንም ያን ቀን ስለሳቅሽው ትነግሪያቸዋለሽ።

እና እባክሽ ፍልሰታ ሳይገባ ደውዪ፣ የዩኒፎርሙ ስራ ሳያመልጣቸው። ማሽኑን ስትልኪ መርፌና ክር ጨምሪበት፣ የፔዳሉ ቺንጋ ደግሞ ቶሎ ስለሚበጠስ ትርፍ አንድ አስቀምጪላቸው።